ትልቁ ቱንቢ፦ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግቢ ትርጉም ያለው ሐውልት እንዴት ይሠራል?

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በር ላይ ምን እንደተሳለ ሳታዩም መገመት ትችላላችሁ። ባለ ጥርስ ማርሽ፣ መሐሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ፣ ከላይ ችቦ። ከተማ ብትቀይሩም ያው ነው። ምልክቱ ክፋት የለውም። ግን ማንም ቆሞ አያየውም። ሰልጣኙም "ይሄ የኛ ነው" አይልም።

ይህ ጽሑፍ ግቢው ውስጥ ሰልጣኞች በእጃቸው የሠሩት ሐውልት ማቆም ለሚፈልጉ አሰልጣኞች፣ ዲኖችና የጥበብ ሰዎች ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሄዳለን። ሥራው 3.5 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሦስት የብረት እግሮች መሐል የተንጠለጠለ ትልቅ ቱንቢ ነው። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ያ ሾጣጣ ብረት። የእናንተ ምልክት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

1. ምልክቱን ዎርክሾፕ ውስጥ ፈልጉት

ብዙ ጊዜ ምልክት የሚመረጠው ስብሰባ ላይ ነው። አንዱ "እድገትን የሚያሳይ ይሁን" ይላል፤ ሌላው "አንድነትም ይግባበት" ይላል። መጨረሻ ላይ ችቦው ይመጣል። ስብሰባውን ተዉትና ከሁሉም የስልጠና ክፍል ሁለት ሁለት ሰልጣኝ ይዛችሁ ዎርክሾፖቹን ዙሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ሥራህ ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ?" ግንበኛው ቱንቢና ውሃ ልክ ያሳያችኋል። የቶርኖ ሰልጣኙ ካሊፐር ያወጣል። የኤሌክትሪክ ሰልጣኟ ቴስተር፣ የልብስ ስፌቷ ሜትር። ይሄ ዝርዝር ከማርሽና ከችቦ በጣም ይሻላል፤ ሁሉም ስለ ልክ ነውና።

ቱንቢውን የመረጥኩት ለዚህ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ይጨምራል፦ ሠሪውን ይፈትናል። የችቦ ሐውልት ቢንጋደድ ማንም ላያውቅ ይችላል። የቱንቢ ሐውልት ላይ ግን ስህተት ከተሠራ ቱንቢው ራሱ ያሳብቃል። እኔ ለሙያ ትምህርት ቤት ምልክት ስመርጥ የመጀመሪያው መስፈርቴ ይሄ ነው፤ የተሠራበትን ጥራት መደበቅ የማይችል ምልክት።

ሁለተኛው መስፈርት ዕድሜ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። የትግላችን ሐውልት እስካሁን ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ግን በ1977 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረውን ትርጉም ለዛሬ ልጅ አይነግረውም። መፈክርና የዘመቻ ስም ቶሎ ያረጃል። የዘንድሮውን የሚኒስቴር መሪ ቃል ብረት ላይ አትበይዱ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ ስንቴ ተቀይሯል!

የሥራ ውጤት ግን ይቆያል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለውን የሴባስቶፖል አምሳያ አስቡት። ጋፋት ላይ የተቀለጠው መድፍ 7 ቶን ገደማ ነበር፤ እስከ መቅደላም በሰው ጉልበት ተጎተተ። ታሪኩን አምሳያው ሥር የቆመ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አስረጂ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው መስፈርት የኛው ሰው ጣጣ ነው። ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያለ ሲሳደብ የኖረ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬም "ነጥብ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል" የሚለው ወሬ የዚያው ስድብ የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ ሐውልቱ ላይ ዘመናዊው ማሽን ብቻ ሳይሆን እንዝርቱ፣ መወርወሪያውና ወናፉም ቦታ ይኑራቸው። ከየት እንደመጣን ይታይ።

ከሃይማኖት አንፃርም ምልክቱን አንዴ ፈትሹት። ቱንቢ ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ላይ አለ፤ ለሙስሊሙ ሰልጣኝም ሚዛንና ልክ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የአንድ ወገን ብቻ የሚመስል ምልክት ግቢውን ስለሚከፍል ቀድሞ መጠየቁ አይከፋም።

2. ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

አሰልቺው ክፍል ይሄ ነው። ግን ብዙ ሥራ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው።

ግቢው ጥግ የተከመረው ቁርጥራጭ ብረት "የትም የወደቀ" ቢመስልም የመንግሥት ንብረት ነው። አንስታችሁ ብትበይዱት ኦዲተር ሲመጣ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ በኩል "ለሐውልት ሥራ ይዋል" የሚል ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከዚያ ብረቱ ተመዝኖ በሞዴል 22 ወጪ ይደረግ። ከውጭ በስጦታ የሚመጣውም በሞዴል 19 ገቢ ይሁን። አንድ ከሰዓት ይፈጃል፤ ዓመት ሙሉ ከሚከተል ደብዳቤ ያድናችኋል።

በጀት ላይ "ጥበብ" የሚል መደብ አትጠብቁ። ፈረንሳይ ከ1951 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከትምህርት ቤት ግንባታ ወጪ 1 በመቶውን ለጥበብ ሥራ ትመድባለች። እኛ ጋ ያለው አዋጭ መንገድ ሥራውን ስልጠና ማድረግ ነው። መሠረቱን የኮንስትራክሽን ሰልጣኞች፣ አፅሙን የብረታ ብረት፣ መብራቱን የኤሌክትሪክ ሰልጣኞች እንደ ተግባር ልምምድ ይሥሩት፤ አሰልጣኙም ይመዝናቸው። ያን ጊዜ ኤሌክትሮዱም ሲሚንቶውም ከስልጠና ዕቃ ሊወጣ ይችላል።

ቀራፂ ካገኛችሁ ጥሩ። በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተው ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ የክልል ከተሞችም የራሳቸው አላቸው። ከቀራፂው ጋር አጭር ውል ያዙ። ሥራውን ማንሳት፣ መቀየር ወይም ቀለሙን መለወጥ ቢያስፈልግ ማን ይወስናል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለሠሪው በስሙ የመታወቅና ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብት ይሰጣል። ውሉ ላይ ሰልጣኞቹም የሥራው ተባባሪ ሆነው ይጻፉ። ቀራፂው ይህን ካልወደደ ለዚህ ሥራ ሌላ ሰው ፈልጉ።

3. ቦታ

ሰንደቅ ዓላማው ሥር አታድርጉት፤ ሁለቱም ይጣላሉ። በሩ ላይም አይሁን፤ መኪና ይመታዋል። ጥሩው ቦታ ሰልጣኞች ከዎርክሾፕ ወደ ካፌ የሚያልፉበት ነው፤ በቀን አራቴ ያዩታል። ከጀርባው ጠፍጣፋ ግድግዳ ወይም ሰማይ ይኑር። ጀርባው መስኮትና የልብስ ማስጫ ከሆነ ቀጭን ብረት ይጠፋል።

ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ቀና ብላችሁ እዩ። ከታች የውሃና የፍሳሽ ቱቦ መኖሩን ደግሞ የግቢውን ጥገና ሠራተኛ ጠይቁ። ፕላኑ ላይ የሌለውን እሱ ያውቃል።

4. በሞዴል ሞክሩት፣ ከዚያም በአጣና

በወረቀት ላይ ያማረ ነገር መሬት ላይ ሲቆም ሚጢጢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በ1፥10 ሞዴል ሥሩ፤ 35 ሴንቲሜትር ቁመት ማለት ነው። ወፍራም ሽቦና ካርቶን ይበቃል።

አሁን አንዲት ዘዴ። ሐውልቱ ከሚቆምበት ቦታ 20 ሜትር ራቁና ስልካችሁን አውጡ። አንድ ሰው ሞዴሉን ከካሜራው 2 ሜትር ላይ፣ ቦታው አቅጣጫ ይያዝላችሁ። የሞዴሉ እግር መሬቱን የነካ እስኪመስል ከፍና ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ፎቶ። በፎቶው ላይ ሐውልቱ በእውነተኛ መጠኑ ቆሞ ታዩታላችሁ። ከተለያየ አቅጣጫ አንሱና ሰልጣኞች መሐል አዙሩት። ኮሚቴው ከሚናገረው ይልቅ እነሱ የሚሉት ይጠቅማል።

ቀጥሎ ሦስት አጣና ገዝታችሁ በቦታው ላይ በትክክለኛው መጠን አቁሙ። ጫፋቸውን በገመድ እሰሩ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥሉ፣ ሳምንት ይቆይ። ርካሽ ነው። ደግሞ የሚማርበት አያጣም። ማን ተንጠላጠለበት? ማን ድንጋዩን ገፋው? ጥላው ጠዋት የት ይወድቃል? ሰዉ በመሐሉ ያቋርጣል ወይስ ይዞራል? ይህን ሁሉ አጣናው ላይ ማወቅ ብረቱ ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ቅርፁን በተመለከተ ምክሬ ቀንሱ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን የቀራፂ ሞሪስ ካልካን አንበሳ ተመልከቱ። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ 25ኛ ዓመት የቆመ ነው። ጎፈሩ እንደ ፀጉር ሳይሆን ቁርጥ ባለ ቅርፅ ነው የተሠራው፤ ግን "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ከሩቅ በአንድ እይታ የሚያዝ ቅርፅ፣ ሲቀርቡት ደግሞ የሚመረመር ዝርዝር ይኑረው። ቱንቢያችን ከሩቅ ሦስት እግርና አንድ ጠብታ ነው። ሲቀርቡት ኩሽኔታው፣ ዳዶውና እንዝርቱ ይታያል።

5. ብረት መሰብሰብና መለየት

ከግቢው ያልተገኘውን ቁራሌው ያመጣዋል። አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ ምናለሽ ተራና ሶማሌ ተራ አሉ። ለሦስቱ እግሮች ሦስት ክምር አዘጋጁ። የመጀመሪያው የአውቶና የብረታ ብረት ነው፦ ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ሰንሰለት፣ የሞተር ቫልቭ። ሁለተኛው የግንባታና የእንጨት ሥራ፦ ካዞላ፣ ማጠፊያ፣ የመጋዝ ምላጭ፣ የበር ቁልፍ። ሦስተኛው የእጅ ጥበቡ፦ የስፌት መኪና ክፍሎች፣ የድሮ መቀስ፣ ማጭድ፣ ከብረት የተቀረፀ መወርወሪያና እንዝርት። የእውነተኛ እንጨት እንዝርት ክረምቱን አይችልም፤ አምሳያውን በብረት ሥሩ።

አሁን የማልደራደርበት ነገር፤ የሚጣለውን መለየት።

የነዳጅና የጋዝ በርሜል ወይም ሲሊንደር አይነካም። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ግራይንደር ሲነካው ይፈነዳል። አሞርዛተርም (የመኪና ንዝረት ማብረጃ) እንዲሁ ነው፤ ታሽጎ ዘይትና ጋዝ ይዟል፤ ሲሞቅ ይፈነዳል። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አይፋቅ፣ አይቆረጥ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧና ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ካስፈለገ ዚንኩ ከመበየጃው ዙሪያ ይነሳ፤ ሥራውም ነፋስ ባለበት ከደጅ ይሁን።

ከዚያ "የሚበየድ" እና "በቡሎን የሚያዝ" ብላችሁ ለዩ። ተራ ላሜራ፣ አንግልና ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በደንብ ይበየዳል። ካስት አይረን ግን ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ባሌስትራ (የመኪና ሞላ ብረት) እና ጠንካራ የማርሽ ጥርስ ካርቦናቸው ብዙ ስለሆነ ብየዳው ዳር ላይ ተሰባሪ ይሆናሉ፤ ዛሬ የያዘ ይመስልና በስድስተኛው ወር ማንም ሳይነካው ይወድቃል። ትራፓኖ አምጡና ብሱት፤ በቡሎን እሰሩት። ባሌስትራ የመሰርሰሪያ ጫፍ ይጨርሳል። አሮጌው ቀዳዳ ካለ እሱኑ ተጠቀሙ።

ሁሉንም የሚገዛ አንድ ደንብ አለ፦ ክብደት የሚሸከመው አዲስ ብረት፣ ትርጉም የሚሸከመው አሮጌ ብረት። የወዳደቀ ብረት ጥንካሬው አይታወቅም። አፅሙ በሙሉ ከሱቅ የተገዛ ቱቦላሬ ይሁን። ቁርጥራጩ ልብስ ነው።

6. መሠረት

ሐውልቱ በሦስት ማዕዘን ይቆማል። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት ከእግር እስከ እግር 2.4 ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ እግር 60 በ60 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። 12 ሚሊ ፌሮ በ8 ሚሊ ስታፋ ታስሮ ይገባል። ኮንክሪቱ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። ለሦስቱ ጉድጓዶች 0.9 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል፤ 3 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም ስድስት ከረጢት፣ ግድም ይበላል። መሠረቶቹን የሚያገናኝ ምሰሶ ካስፈለገ (ቀጥሎ አለ) ለብቻው አስሉ።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ሦስቱ እግሮች በየራሳቸው ይነሳሉ፣ በየራሳቸው ይወርዳሉ። ጠንካራው መሬት ቅርብ ከሆነ እስኪገኝ ቆፍሩ፤ ሩቅ ከሆነ ጥቁሩን አፈር አውጥታችሁ ገረጋንቲ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ሦስቱን መሠረቶችም ከመሬት ደረጃ ላይ በአግድም የፌሮ ኮንክሪት ምሰሶ አገናኟቸው፤ ከተነሱም አንድ ላይ እንዲነሱ። የግቢው ግንባታ አሰልጣኝ አፈሩን አይቶ ይፈርም።

ለምን እንደዚህ እንደምጨነቅ በቁጥር እነሆ። ከሦስቱ እግሮች አንዱ በ1 ሴንቲሜትር ብቻ ቢነሳ የሐውልቱ የላይኛው ጫፍ ከመሐሉ 1.7 ሴንቲሜትር ገደማ ይሸሻል። ቱንቢው ደግሞ ጫፉ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ምልክታችን ሠሪውን ይፈትናል ያልኩት ይሄንን ነው። መሠረቱ ከተበላሸ ግቢው ሁሉ ያየዋል።

ለእያንዳንዱ እግር አራት ባለ 16 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ጫፋቸው የታጠፈ፣ 40 ሴንቲሜትር ወደ ኮንክሪቱ የሚገባ ይቀመጣል። ቡሎኖቹ ኮንክሪቱ ሲፈስ እንዳይሸሹ ጣውላ ላይ በስታችሁ ያዟቸው። ሦስቱ ጎኖች 2.4 ሜትር መሆናቸውን፣ ከፍታቸውም እኩል መሆኑን ውሃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ አረጋግጡ። ከፈሰሰ በኋላ ጆንያ አልብሳችሁ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡ። ሐውልቱን ለመጫን 28 ቀን ጠብቁ። የምረቃው ቀን ተቆርጧል ብሎ የሚቻኮል አለቃ ይኖራል። ቀኑን ሲቆርጥ ይህን 28 ቀን ንገሩት።

7. እግሮቹና ቱንቢው

ለእግር 80 በ80፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ ውሰዱ። የእያንዳንዱ እግር ርዝመት 3.75 ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ከመሠረቱ ላይ ለኩ። አንድ ቱቦላሬ 6 ሜትር ነውና ከእያንዳንዱ 2 ሜትር ከምናምን ይተርፋል። የተረፈው እግሮቹን አቅፎ ለሚይዘው ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ከመሬት 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ እዚያ የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 75 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ መሰላል ይሆናል። ወጣት ያለበት ግቢ ውስጥ መሰላል የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ጥያቄ የለውም።

እግሮቹ ከቀጥታው 22 ዲግሪ ገደማ ያጋድላሉ፤ የታችኛውን ጫፍ በዚያው ልክ ቁረጡና 10 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የእግር ሳህን ጋር በይዱ። ከላይ ሦስቱ የሚገናኙት በሌላ ባለ 10 ሚሊ ሳህን ላይ ነው፤ እዚያ ግን በቡሎን። ለምን? እግሮቹን በየተራ ዎርክሾፕ ውስጥ አልብሳችሁ፣ አራት ሰው ተሸክሟቸው ወጥቶ በቦታው እንዲገጠሙ። ክሬን አያስፈልግም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ዎርክሾፕ ውስጥ አንዴ ሙሉውን አቁማችሁ ፈትኑት፣ ቁጥር ጻፉበት፣ ፍቱት።

ለ3 ሚሊሜትር ቱቦላሬ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። ሸክም ያለበትን ብየዳ ደህና እጅ ያለው ሰልጣኝ ይሥራው፣ አሰልጣኙም ይመርምረው። ልብሱን ግን ለጀማሪ ተዉለት። ኩሽኔታ ለማጣበቅ ሁለት ሦስት ነጥብ ብየዳ ነው፤ መማሪያ ነው። ከ2.5 ሜትር በታች ክብ ክብ ነገር ብቻ ይለጠፍ። መጋዝ፣ ማጭድና መቀስ ከላይ ይሁኑ፤ ያም ሆኖ ስለታቸው በግራይንደር ይደንዝዝ።

ልብሱን ስትለጥፉ አትጠቅጥቁ። የቱቦላሬው ቆዳ እዚህም እዚያም ይታይ። ሁሉን ነገር የለጠፈ ሐውልት ከአምስት ሜትር ሲታይ የቁራሌው ክምር ይመስላል።

አሁን ዋናው ቁም ነገር፣ ቱንቢው። ከ2 ሚሊሜትር ላሜራ የሚሠሩ ሁለት ሾጣጣዎች ናቸው። የታችኛው ረጅም ነው፦ አፉ 30 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ቁመቱ 40። የላይኛው እንደ ክዳን ነው፦ ያው ስፋት፣ ቁመቱ 12። ሾጣጣ ለመሥራት ላሜራውን ጠፍጣፋ ሳለ በምን ቅርፅ እንቁረጠው? ይህን ጥያቄ ለብረታ ብረት ክፍል ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ልብስ ስፌት ክፍል ሂዱ። ክሎሽ ቀሚስ የሚያወጡት በዚሁ ስሌት ነው። ሰልጣኟ ሜትሯን እንደ ኮምፓስ ይዛ፣ በሳሙና ቁራጭ ቅስቱን ወረቀት ላይ ስትስል ብረት ሠሪዎቹ ዙሪያዋን ቆመው ያያሉ። ለረጅሙ ሾጣጣ 42.7 ሴንቲሜትር ራዲየስ፣ 126 ዲግሪ ቅስት። ለአጭሩ 19.2 ሴንቲሜትር ራዲየስ፣ 281 ዲግሪ። ለመግጠሚያ 5 ሚሊሜትር ጨምሩ። የስፌት ክፍሉ ሐውልቱ ላይ መጋረጃ ከመስፋት ያለፈ ድርሻ የሚያገኘውም እዚህ ነው።

ላሜራው በቧንቧ ላይ እየተመታ ይጠቀለላል፣ ይበየዳል፣ ይፋቃል። ጫፉ ከሙሉ ብረት በቶርኖ ይውጣ፤ ሹል ሳይሆን ድቡልቡል ያለ። ሁለቱ ሾጣጣዎች ሲጋጠሙ ከላይ ቀዳዳ ተዉ፤ የታሸገ ነገር ሲበየድ አየሩ መውጫ ይሻል። በኋላ በቀዳዳው የደረቀ አሸዋ ሙሉበት። እርጥብ አሸዋ ከውስጥ ያዝገዋል። ሞልቶ ጠቅላላ ክብደቱ 30 ኪሎ አይሞላም። ቀዳዳውን በቡሎንና በላስቲክ ሮንዴላ ዝጉ።

ማንጠልጠያው 8 ሚሊሜትር የሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ በሺዎች ኪሎ የሚቆጠር ክብደት ይችላል፤ የሚያሳስበው ጫፉ ላይ የሚታሰርበት ነው። በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ሦስት መቆንጠጫ እሰሩ። ከሱ ጎን ትንሽ የረዘመ ሁለተኛ ገመድ እንደ መጠባበቂያ ይኑር።

የሚወዛወዝ 30 ኪሎ አደጋ ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ይታገድ። ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ከ16 ሚሊ ፌሮ የተሠራ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ትከሉ፤ የቱንቢው ጫፍ ከቀለበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሐሉ ይንጠልጠል። ሰው ቢገፋው ጥቂት ሴንቲሜትር ተወዛውዞ "ቂው" ይላል፣ ይመለሳል። ሁሉም አንዴ ይገፋዋል። ይግፋው። ከቀለበቱ ሥር ኮንክሪቱ ላይ የመስቀለኛ ምልክት ያለበት ትንሽ የማይዝግ ብረት ይቀበር። የቱንቢው ጫፍ ከምልክቱ መሐል በትክክል ሲያርፍ ሥራው ልክ ነው። ምልክቱን የምትቀብሩት ግን ቱንቢው ከተሰቀለ በኋላ አይደለም። ከሦስቱ መሠረቶች ለክታችሁ አስቀድማችሁ ቅበሩት። አለበለዚያ ፈተናው ማጭበርበር ይሆናል።

8. ቀለም

"ዝገቱ ራሱ ያምራል፣ እንተወው" የሚል ሰው አይጠፋም። ዝጎ የሚቆም ልዩ የብረት ዓይነት አለ፤ ተራ ቱቦላሬ ግን እሱ አይደለም፤ ዝገቱ ይበላዋል። በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፣ ዘይቱን በቲነር ጥረጉ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡ። ፋቅ አድርጋችሁ ካደረ እንደ አዲስ ፋቁ። ሁለት ዙር አንቲረስት፣ ሁለት ዙር ቀለም። እግሮቹ ጥቁር ግራጫ፣ ቱንቢው ደማቅ ብርቱካናማ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከሩቅ ዓይን የሚይዘው እሱ እንዲሆን። ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ነገር ሁሉ ከሥሩ 8 ሚሊ ቀዳዳ ይውጣለት፤ የቱቦላሬዎቹ ታችኛው ጫፍም ጭምር።

9. መብራትና ስም

ሁለት መብራት ከታች ወደ ላይ ይበቃል፤ በ12 ወይም በ24 ቮልት ይሁን። ሐውልቱ ብረት ስለሆነ ኧርዝ ይታሰርለት፤ የኤሌክትሪክ ሰልጣኞቹ ለክተው ውጤቱን ይመዝግቡ።

ስም መጻፊያው ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አለ። በክብር እንግዳው ስም የሚጀምር ሰሌዳ ሰልጣኙን ያስከፋል። የእኔ ሐሳብ፦ የሥራው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ከዚያ የሠሩት ሁሉ በፊደል ተራ፣ ከነስልጠና ክፍላቸው። እንግዳው ከፈለገ ከታች። ጽሑፉ በአካባቢው የሥራ ቋንቋና በአማርኛ ይሁን። ትርጉሙን አታብራሩ፤ "ይህ ሐውልት የሚያመለክተው..." ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሰው እንዳያስብ ይከለክላል። ሰሌዳው የነሐስ አይሁን፤ ሌሊት ተነቅሎ ይሸጣል። የማይዝግ ብረት ላይ የተቀረፀ፣ ከኋላ የተበየደ ጥሩ ነው።

10. ከምረቃ በኋላ

ለሐውልቱ አንድ መዝገብ ክፈቱ፤ የንድፉ ቅጂ፣ የቀለሙ ዓይነትና ቁጥር፣ የገመዱ መጠን ይግባበት። በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ እንዳለቀ እና ሚያዝያ ላይ ደረቁ ወቅት ሲያበቃ፣ የኮንስትራክሽን አዲስ ሰልጣኞች የቱንቢው ጫፍ ከምልክቱ ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ፣ ወደ የትኛው እግር እንደሆነ ለክተው ይጻፉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሁን። የብረታ ብረት ሰልጣኞች ደግሞ ገመዱንና መቆንጠጫዎቹን ይፈትሹ፤ ከሽቦው አንዲት ክር እንኳ ከተበጠሰች ገመዱ ይቀየር።

ጫፉ በሁለቱ ወቅቶች መሐል ጥቂት ሚሊሜትር ወዲያና ወዲህ ካለ አፈሩ እየተነፈሰ ነው፤ ተዉት። ከ2 ሴንቲሜትር ካለፈና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሄደ ከሆነ ግን አንድ እግር ሥር ውሃ ገብቷል። ቱንቢውን አውርዱ፣ የጣሪያው አሸንዳ የት እንደሚደፋ እዩ፣ ከዚያ ቁፋሮ ጀምሩ።